እናቴ «ምን ይላል?» ስትለኝ

ኦክቶበር 2024 አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴ በፖስታ የመጣላትን የምርጫ ወረቀት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ዜግነት ከወሰደች ወዲህ ፕሬዚዳንት ስትመርጥ የመጀመሪያዋ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ መነጽሯን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ፣ ጥቁር እስክሪብቶ ያዘች። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የምርጫ ወረቀት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው የሚታተመው፤ ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ነኝ። እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ክቧን በገዛ እጇ ታጠቁራለች። በዚህ ቀድመን ተስማምተናል።

ሰዎቹ ላይ አልተቸገርንም። ስማቸውን በቴሌቪዥን ስትሰማ ከርማለች። ወረቀቱን ገልብጠን «ጥያቄ 1» ላይ ስንደርስ ግን ጣቷን አሳርፋ «ምን ይላል?» አለችኝ።

የሜሪላንድን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል የቀረበ ሐሳብ ነው። ማንኛውም ሰው በመውለድ ጉዳይ ላይ መሠረታዊ ነፃነት እንዳለው ያረጋግጣል፤ እርግዝናን የመከላከል፣ የመቀጠል ወይም የማቋረጥ ውሳኔም የዚሁ ነፃነት አካል እንደሆነ ይዘረዝራል። ዐይኔ የመጨረሻው ቃል ላይ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋት። የጸሎት መጽሐፏ ከክንዷ አጠገብ ነው። «ስለ ሴቶች ጤና ነው፣ እማዬ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አላሳረፈችም። «እኔ የጠየቅኩሽ ምን ይላል ብዬ ነው። ስለምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «አባትሽም ምን ትላለች ብሎሽ ነበር» አለች።

የተቀዳልኝ ቡና እንዳለ ቀዘቀዘ።

አባዬ የጠየቀኝ ቀን

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አባዬ ሆስፒታል ነበር። ልቡ ደክሟል፣ ኩላሊቱም ተከትሎታል። አንድ ጠዋት ሐኪሟ ገብታ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ሳበች። በዚህ አገር ሐኪም ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ወሬው ከባድ እንደሆነ በሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት በሆም ኬር የሰው ወላጅ ስጦር ኖሬአለሁ። አስተርጓሚ በስልክ ላገናኝ ስትል «አያስፈልግም፣ ልጁ ነኝ» አልኳት።

እጇ ላይ ያለችው ወረቀት ሞልስት ትባላለች። ሜሪላንድ ውስጥ የታመመ ሰው ሕይወትን ስለሚያቆዩ ሕክምናዎች የወሰነውን ሐኪሙ ፈርሞ የሚያስቀምጥባት ቅጽ ናት። ልብ ቢቆም ደረት እየተጫኑ ይቀስቅሱት? መተንፈስ ሲያቅተው ማሽን ይግባለት? በቱቦ ይመገብ? ሐኪሟ እያንዳንዱን በዝግታ ጠየቀች፤ የምትጠይቀው እኔን ሳይሆን እሱን ነበር፣ ዐይን ዐይኑን እያየች። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ትላለች?» አለ።

«እየተሻለህ ነው፣ ጥቂት ቀን ግን ትቆያለህ ትላለች።»

ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሬ በእንግሊዝኛ «የሚቻለው ሁሉ ይደረግልኝ ይላል» አልኳት። አባዬ እንዲህ አላለም። ምንም አላለም፤ ምክንያቱም አልተጠየቀም። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እንግሊዝኛዋ ለምርጫ ወረቀት ባይበቃም፣ ባሏ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ልጇ ረጅም መልስ ስትሰጥ ማየት ግን አይሳናትም።

አባዬ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ማሽን ላይ ቆየ። በጉሮሮው ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም። እጁን እንዳይነቅለው ብለው ለስለስ ባለ ጨርቅ አስረውት ነበር። ያን የታሰረ እጅ እየያዝኩ ነው ያደርኩት።

እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። መርዶ እንኳ የሚረዳው ሰው ተሰባስቦ በማለዳ ነው። «ከመሞት መሰንበት» ሲባል አድጌአለሁ፤ ያን ቀን ያደረግኩትም ከፍቅር ነው፣ ፍቅር እንደነበረ አልክድም። ግን መሰንበት ለማን? ያን አሥራ ዘጠኝ ቀን የሰነበትኩት እኔ ነኝ። እሱ የሰነበተ አይመስለኝም።

«ማቋረጥ» እና «ማስወረድ»

ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። እንደገና አነበብኩላት፤ አሁን ግን ቃል በቃል። «የማቋረጥ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና «ማስወረድ ማለትሽ ነው?» አለች።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ይፈትናል። «ማስወረድ» ስትል ቃሉ ፍርዱን ይዞ ይመጣል፤ የሰፈር ሹክሹክታ አለበት። «ማቋረጥ» ስትል ደግሞ ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተቀዳ ይመስላል፤ መንገድ ወይም ትምህርት እንደማቋረጥ ቀለል ይላል። አንዱን መርጬ ብናገር መልሷን ግማሽ መንገድ ወስጄላታለሁ። «ሁለቱም ያው ናቸው፣ እማዬ። እንግሊዝኛው እርግዝናን ማብቃት ነው የሚለው» አልኳት።

ያኔ ነው ስለ ታላቅ እህቷ የነገረችኝ። እንዲህ ያለች አክስት እንደነበረችኝ አውቃለሁ፤ «በልጅነቷ ሆዷን አሟት ሞተች» ሲባል ነው የሰማሁት። እውነቱ ሌላ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ነው፣ አገሩ ደሴ አጠገብ። አክስቴ አርግዛ ነበር፤ ከማን እንደሆነ እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም፣ የደፈራት እንዳለ ግን ትጠረጥራለች። አንዲት ሴት ቤት ወስደው የሆነ ነገር አጠጧት። እናቴ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ውሃ አምጪ ተብላ ተልካ ስትመለስ «እትዬ» እያለች የምትጠራት እህቷ ምንጣፉ ላይ በደም ተነክራ ነበር። ሐኪም አልተጠራም። ሐኪም ቢጠራ ምን ሠራችሁ ሊባል ነው። «ሆድ ይፍጀው ተባለና በዚያው ቀረ» አለች እናቴ። ሃምሳ ዓመት ያህል ሆዷ ፈጅቶታል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ተደፍሬአለሁ ማለት አይበቃም። አሁን ያለው ሕግ በአንቀጽ 551 ከዚያ እጅግ ሰፋ ብሏል፤ በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ በተፈጸመ ግንኙነት ለተረገዘው የሴቲቱ ቃል ብቻ ይበቃል፣ ደፋሪውን አምጪ አይባልም። ያ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉ፤ ምርጫው ግንቦት 7 ነበር። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነኝ፣ የፓርቲዎቹን ክርክር በቴሌቪዥን አንድም ሳያመልጠኝ ለማየት እታገል ነበር። ስለ መሬት፣ ስለ ወደብ፣ ስለ አንቀጽ 39 ሰማሁ። ከስድስት ቀን በፊት ስለ ጸናው አንቀጽ 551 ማንም ዕጩ ሲጠየቅ አልሰማሁም፤ እኔም ጠያቂ ብሆን አልጠይቅም ነበር። አክስቴን የሚያክል ነገር በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ሲለወጥ አጠገቤ አለፈ።

ዕጩዎቹስ ምን ይላሉ?

እዚህ አገር ይጠየቃሉ። በዚያ ዓመት ደግሞ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ያልተጠየቀ ዕጩ የለም። የምርጫው ሰሞን ሁሉንም ስሰማ ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን ጆሮዬ ተለወጠ። ብዙዎቹ የሚመልሱት እኔ ለእናቴ በመለስኩት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ ስለምን እንደሆነ ይነግሩሃል፣ ምን እንደሚያደርጉ አይነግሩህም።

ዶናልድ ትራምፕ ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ መብት ያደረገውን የ1973ቱን የሮ እና ዌድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጁን 2022 ላይ ከሻሩት ዳኞች ሦስቱን የሾሙ ናቸው፤ ይህንንም እንደ ታላቅ ሥራቸው ይቆጥሩታል። ኤፕሪል 2024 ላይ ጉዳዩ ለየስቴቱ ይተው አሉ። ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ ድምፅ በሚሰጡባት በፍሎሪዳ የተደነገገው የስድስት ሳምንት ገደብ አጭር ነው አሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ገደብ የሚያነሳውን ማሻሻያ እንደሚቃወሙ ተናገሩ። ሴፕቴምበር 10 ፊላዴልፊያ ላይ በተደረገው ክርክር፣ በመላ አገሪቱ የሚከለክል ሕግ ጠረጴዛዎ ላይ ቢመጣ ቪቶ ያደርጉታል ወይ ተብለው ቀጥ ያለ መልስ አልሰጡም። አደርገዋለሁ ያሉት ኦክቶበር 1 ማታ ነው፣ ምክትሎቹ ሲከራከሩ፣ እሳቸው በጽሑፍ።

ካማላ ሃሪስ በዚህ ጉዳይ የሸሹ ሰው አይደሉም። ማርች 2024 ላይ ሚኒሶታ ሄደው ፅንስ የሚቋረጥበትን ክሊኒክ ጎብኝተዋል፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ይህን ያደረገ ከእሳቸው በፊት የለም። ሆኖም በዚያው ክርክር፣ የሚደግፉት ገደብ አለ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ የሮን ጥበቃ መመለስ እደግፋለሁ በሚል ነው ያለፉት። ሮ ውስጥ ገደብ ነበረ፤ ያን ግን ጠበቃ ነው የሚያውቀው። እናቴን የመሰለች መራጭ ከዚያ መልስ ምን ታገኛለች?

እኔን የበለጠ ያስተማረኝ ግን የራሳችን የሴኔት ውድድር ነው። ላሪ ሆጋን የሜሪላንድ አገረ ገዥ ሳሉ በ2022 ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች፣ አዋላጆችና የሐኪም ረዳቶች ፅንስ ማቋረጥ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን ሕግ ቪቶ አደረጉ። ምክር ቤቱ ቪቶውን ሻረው። እሳቸው ግን ለሥልጠናው የተመደበውን 3.5 ሚሊዮን ዶላር ሳይለቁ ያዙት፤ የለቀቁት ተተኪያቸው ዌስ ሙር ናቸው፣ በጃንዋሪ 2023 ሥራ እንደጀመሩ። በሜይ 2024 ሆጋን ለሴኔት ሲወዳደሩ ሮን የፌዴራል ሕግ ለማድረግ እደግፋለሁ አሉ። ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ እኔም ለውጫለሁ። ግን አንድ ዕጩ የት እንደቆመ ለማወቅ የሚናገረውን ከመስማት በፊት የፈረመውንና ሳይፈርም የመለሰውን መቁጠር እንደሚሻል ከሆጋን ተማርኩ። ተፎካካሪያቸው አንጀላ ኦልሶብሩክስ መልሳቸው አጭር ነበር፣ አሸነፉም።

የእኔን ድምፅ አልደብቅም። ጥያቄ 1ን ደግፌአለሁ። ለእምነቴ ግድ የለኝም ማለቴ አይደለም። አክስቴ የሞተችው በእርግዝናዋ ሳይሆን ሐኪም በመፍራት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያን ፍርሃት ሕግ እንዲተክለው አልፈልግም።

ስለ ሞት ማንም አልጠየቀም

በፊላዴልፊያው ክርክር ስለ ሕይወት መጨረሻ፣ አባዬ አልጋ ላይ ስለነበረው ጥያቄ፣ አንድም ነገር አልተነሣም። ፅንስ ድምፅ ያስገኛል፤ የሚሞት ሽማግሌ አያስገኝም መሰለኝ።

ነገሩ ግን ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ኢስተርን አቬኑን ከተሻገርን ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ዲሲ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ ስድስት ወር የማያስቆይ በሽታ እንዳለበት ሁለት ሐኪሞች ያረጋገጡለት፣ አእምሮው የጸና ጎልማሳ፣ ደጋግሞ ከጠየቀ፣ ሕይወቱን የሚያበቃ መድኃኒት ታዞለት ራሱ ሊወስደው ይችላል። መንገዱን ወደዚህ ስንሻገር አይፈቀድም። ይህን መንገድ የጀመረችው ኦሪገን ናት፤ ሕዝቡ በ1994 ድምፅ ሰጥቶበት በ1997 ሥራ ላይ ዋለ።

ሜሪላንድም ሞክራለች። በ2019 ረቂቁ በተወካዮቹ ምክር ቤት 74 ለ66 አልፎ ሴኔት ገባ። እዚያ 23 ለ23 ሆነ፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ወደቀ ማለት ነው። ሴናተሮቹ 47 ናቸው። አንዱ፣ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲው ኦቢ ፓተርሰን፣ ከልባቸው ጋር ሲሟገቱ ከርመው በመጨረሻ ድምፅ አልሰጥም አሉ። በዚያን ጊዜ ተናድጄባቸው ነበር፤ የተመረጥከው ልትወስን አይደለም ወይ ብዬ። አሁን አልናደድባቸውም። አባዬ ፊት ተቀምጬ አላውቅም ማለት ያቃተኝ እኔ፣ በአደባባይ አላውቅም ያለን ሰው በምን አፌ ልውቀስ?

ከጎረቤት ዴላዌር የመጣው ደግሞ ፓርቲ እያዩ መምረጥ በዚህ ጉዳይ እንደማይሠራ አሳየኝ። ሴፕቴምበር 2024 ላይ አገረ ገዥው ጆን ካርኒ ተመሳሳዩን ሕግ በሥነ ምግባር ምክንያት ቪቶ አደረጉት። ሜይ 2025 ላይ ከእሳቸው በኋላ የተመረጡት ማት ማየር ፈረሙት። ሁለቱም ዴሞክራት ናቸው። ዴሞክራት የሚለውን ክብ ብቻ አይታ ያጠቆረች መራጭ ከሁለቱ የትኛውን እንደምታገኝ በምን ታውቃለች?

ካሊፎርኒያ በ2015 ሕጉን ስታወጣ የፈረሙት ጄሪ ብራውን በወጣትነታቸው ካቶሊክ ካህን ለመሆን የተማሩ ሰው ናቸው። ሲፈርሙ በጻፉት ደብዳቤ፣ በመጨረሻ የቀረላቸው የራሳቸው ሞት ፊታቸው ቢቆም ምን እንደሚፈልጉ ማሰብ እንደነበረ ተናግረዋል። ከውሳኔያቸው ጋር አልስማማም። ግን እንዲህ ያለ መልስ ከሰጠ ፖለቲከኛ ጋር ቢያንስ መነጋገር ይቻላል፤ የሚናገረው ምን እንደሆነ ስለሚታወቅ።

ለምን አልስማማም? ኦሪገን በየዓመቱ በምታወጣው ሪፖርት መድኃኒቱን የጠየቁ ሰዎች ስጋታቸው ተዘርዝሮ ይታተማል። ከላይ የሚሰለፈው ስቃይ አይደለም፤ ራስን አለመቻል ነው። ለቤተሰብ ሸክም መሆንም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የማጥባቸው ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት ሳነሳቸው ይሉኛል፤ «ሸክም ሆንኩ» ይላሉ። ይህን የሚሉት ልጃቸው ያልደወለ ሰሞን ነው። በደወለ ሰሞን አይሉም። ሸክም ሆንኩ ላለ ሰው መድኃኒት የሚያቀርብ ሕግ ያስፈራኛል። ማሽን አልፈልግም ያለን ሰው ግን በሰላም መተው ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፣ ሞልስት አለ፣ አስቀድሞ የሚሞላ ወረቀት አለ። የሚያስፈልገው «ምን ትላለች?» ሲል በትክክል የሚነግረው ሰው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። እኔ ደግሞ ከበሽተኛው ራሱ ነው የደበቅኩት።

ወንድምሽ እስኪመጣ

እናቴ ያን ቅዳሜ ጥያቄ 1ን ስትሞላ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። «ኃጢአት ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። «እትዬን ሐኪም ቢያያት ኖሮ» ስትልም ሰምቻታለሁ። የቱን ክብ እንዳጠቆረች አላውቅም። ፖስታውን ራሷ አሸገችው። ማሻሻያው ከአራት መራጭ ሦስቱ ያህል ደግፈውት አለፈ።

በዲሴምበር አንድ ምሽት «ያ የአባትሽ ወረቀት ለእኔም አለ?» አለችኝ። የእሱን ዓይነቱን ሐኪም ነው የሚሞላው፤ ማንም ጤነኛ ሰው አስቀድሞ የሚሞላው ግን አለ። አመጣሁት። በሜሪላንድ ሁለት ምስክር ይበቃዋል፣ ውል አስመዝጋቢ ጋ መሄድ አይጠይቅም። በእሷ ፋንታ እንድናገር የመረጠችው እኔን ስለሆነ እኔ ምስክር መሆን አልችልም። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት የማኅበር ጓደኞቿ መጡ። ቡና ተፈላ። እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ፣ ተረጎምኩ፣ እንደገና አነበብኩ። ሴቶቹ አንዳንዴ «እንዴ!» እያሉ ያማትቡ ነበር፤ እናቴ ግን አላቆመችኝም።

ስለ መተንፈሻ ማሽን የሚጠይቀው ላይ ስንደርስ ብዙ አሰበች። «ወንድምሽ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ አቆዩኝ» አለች። «ደርሶ እጄን ከያዘኝ በኋላ ተዉኝ።»

ለዚህ የተዘጋጀ ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። ባዶው ቦታ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ የጻፍኩትን መልሼ በአማርኛ አነበብኩላት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ልጠይቃት የማልፈልገውን ጠየቅኳት። «ቪዛ ቢከለክሉትስ፣ እማዬ?»

ከሴቶቹ አንዷ «አንቺ ደግሞ! ምን ይሉት ጥያቄ ነው?» አለችኝ። እናቴ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት። የሲኒዋን ጠርዝ በጣቷ እያዞረች ቆየች።

«አሥር ቀን» አለች።

ቁጥሩን ጻፍኩ። ሴቶቹ ከሥሩ ፈረሙ።